ከነነውራችን የገባንበት ጨረታ

በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው የጨረታ ማስታወቂያ ሦስት ምድብ ነበረው። ምድብ አንድ ጠመኔ፣ ወረቀትና የፕሪንተር ቀለም። ምድብ ሁለት መጥረጊያ፣ ሳሙናና መወልወያ። ምድብ ሦስት ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች የሚሰጥ የማጠናከሪያ ትምህርት። እኛ ምድብ ሦስት ነበርን። ከሳሙና ቀጥሎ መጠራቴ ቅር አላሰኘኝም፤ ሃያ ሁለት ዓመት የመንግሥት ትምህርት ቤት ያስተማረ ሰው በተራ ቁጥር አይከፋም።

እኛ የምለው ሦስት ሰዎች ነን። አንደኛዋ እኔ ነኝ፣ የሂሳብ መምህርት። ሁለተኛው እኔን ራሴን ስምንተኛ ክፍል ያስተማሩኝ የአማርኛ መምህር ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ቤት መቀመጥ አልሆንላቸው ብሎ እንደገና ጠመኔ ያነሱ ሰው ናቸው። በመንዟ ከተማችን በቀየት ሁሉም ሰው ጋሼ ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። ሦስተኛው ከገደሉ ሥር ካለች የቆላ ከተማ የመጣ ወጣት የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ቤተሰቦቹ ጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው። ቀየት ሲመደብ እናቱ አንድ ጃኬት ሰጥታ ሸኘችው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለተኛውን ገዛ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ለያይቶ ሲለብስ አላየሁትም። ሦስታችንም በየምክንያታችን ከመንግሥት ሥራ ወጥተን አንድ ክፍል ተከራየን፤ ፈቃድ አወጣን፤ ማኅተም አስቀረጽን፤ የከተማውን ልጆች ማታ ማታ እናስጠና ጀመር።

ጨረታውን ለምን ማሸነፍ እንደፈለግሁ ከወዲሁ ልናገር። በምድብ ሦስት ከተዘረዘሩት ትምህርት ቤቶች አንዱ ከጓሳው የሣር ምድር ጥግ ያለው ነበር። እዚያ ዘጠኝ ዓመት ሂሳብ አስተምሬያለሁ። ወደ ከተማ ከመጣሁ በኋላ የስምንተኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ከዚያ ትምህርት ቤት አንድም ልጅ አላለፈም። አንድም። እነዚያ ልጆች ከአምስተኛ እስከ ሰባተኛ ክፍል ሂሳብ የተማሩት ከእኔ ነው። ሰው ሁሉ የመጽሐፍ እጥረት፣ ትምህርት የተቋረጠበት ጊዜ፣ የመንገዱ ርቀት እያለ ምክንያት ይቆጥር ነበር። እኔም ስጠየቅ ያንኑ እቆጥራለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን የጎበዞቹ መውደቅ አልዋጥልኝ ይል ነበር። ጎበዝ ብዬ በሙሉ ልቤ የመሰከርኩላቸው ልጆች እንዴት በሂሳብ ወደቁ? ከወደቁት ገሚሱ ስምንተኛን እየደገሙ ነበር። ሄጄ በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። ያለ ውል ደግሞ የመንግሥት ትምህርት ቤት በር ቅዳሜ አይከፈትም።

የጨረታ ሰነዱን ገዝተን ስናነብ አንድ አንቀጽ ላይ ቆምን። ተጫራቾች ናሙና ማቅረብ አለባቸው፤ ናሙና ያላቀረበ ይሰረዛል ይላል። የሳሙና ናሙና ይገባኛል። ጽሕፈት ቤት ሄጄ የግዥ ሠራተኛውን ጠየቅሁት።

«የምድብ ሦስት ናሙና ምንድን ነው?»

አንቀጹን አነበበ። ደግሞ አነበበ። «ያላቀረበ ይሰረዛል» አለኝ።

«የምን ናሙና?»

«እሱን አይልም። ያላቀረበ ይሰረዛል ነው የሚለው።»

አመስግኜ ወጣሁ ብል ደስ ይለኝ ነበር። በሩን አላትሜ ነው የወጣሁት፤ ተመልሶ ስለተከፈተም ሁለተኛ ጊዜ አላተምኩት።

ለጋሼ ስነግራቸው ጥቂት አሰቡና፣ «ናሙና ከጠየቁማ ሽያጭ ነው» አሉ።

«ግዥ ይላል እኮ ጋሼ። እነሱ ከገዙ እኛ መሸጣችን ነው።»

«እንግዲያው የሽያጭ ወግ ይታወቃል» አሉ። የቱ ወግ ብዬ አልጠየቅሁም። የእኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነው።

ሥራውን ተከፋፈልን። መርሐ ግብሩና ዋጋው ለእኔ ደረሰ። የተጫራቹ ብቃት መግለጫ የሚባለውን አማርኛቸው ስለሚጥም ጋሼ ሊጽፉ ተስማማን። የእንግሊዝኛው መምህር ይተይባል። መርሐ ግብሩ ብቻውን ሦስት ቀን ፈጀ፤ ምክንያቱም ቅዳሜዎቹን ባወጣሁ ቁጥር ጋሼ «ይሄ ሃያ አንድ ነው፣ ማርያም፤ ያኛው አሥራ ሁለት ነው፣ ሚካኤል» እያሉ ይሰርዙ ነበር። የእንግሊዝኛው መምህር በጃኬቶቹ ውስጥ ሆኖ በትዕግሥት ሲሰማ ቆየና፣ «የተረፈ ቅዳሜ አለ?» ብሎ ጠየቀ። ሁለት ነበር። በመጨረሻ የደብሩን አለቃ ጠየቅን። በበዓል የተከለከለው ማረስ ነው እንጂ ማስተማር አይደለም አሉን፤ ጋሼም ሥራቸው ሥራ አለመሆኑን ሰምተው ትንሽ ቅር አላቸው።

የብቃት መግለጫውን ላንብበው ብዬ ጠይቄያለሁ። «አማርኛዬን ልታርሚ ነው?» አሉኝ። ያስተማረኝ ሰው እንዲህ ካለ በኋላ ምን ይባላል? ትቼ ወደ ዋጋው ሥራዬ ተመለስኩ። ሰነዱ በሰም ይታሸግ ስለሚል ጋሼ ጧፍ ለኩሰው ኤንቨሎፑ ላይ አንጠባጠቡ፤ እኔ ማኅተሙን መታሁ፤ አስገባን።

ጨረታው የተከፈተው በኅዳር ነው። ከአዳራሹ መስኮት ውጭ ያለው ሣር ላይ ውርጩ ገና አልቀለጠም ነበር። አምስት የኮሚቴ አባላት፣ እኛ ሦስታችን፣ እንዲሁም ከትልቅ ከተማ የመጡ ሁለት የሌላ ድርጅት ሰዎች ተቀምጠናል። የእነሱ ሰነድ ላዩ በላስቲክ የተሸፈነ፣ በቀለም ፎቶግራፍ ያጌጠ ነው። የእኛ በክር ተሰፍቷል። የኮሚቴው ሰብሳቢ የዚሁ የመንዝ ሰው፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ናቸው። መመሪያው ይፈቅድ እንደሆነ አላውቅም እንጂ እሳቸው በሚመሩት ጨረታ የብቃት መግለጫ በንባብ ይሰማል። «ኋላ አልሰማሁም የሚል እንዳይመጣ» ይላሉ።

የኮሚቴዋ ጸሐፊ በመጀመሪያ የእነዚያን አነበበች። የካበተ ልምድ አላቸው። ብቁ ናቸው፣ ትጉ ናቸው፣ ተነሣሽነት አላቸው። ተማሪን ማዕከል ያደርጋሉ። እየሰማሁ ተስፋዬ እንደ ጎማ እየተነፈሰ ሄደ። ከዚያ ጸሐፊዋ እንዲህ የሚል አነበበች፦ «የወረዳውን እጅግ ሞቃታማ የአየር ጠባይ ከግምት በማስገባት ለተማሪዎች የጥላ ዳስና ቀዝቃዛ ውኃ እናቀርባለን።»

ሁላችንም እጃችንን ብብታችን ውስጥ ከተን ነበር የተቀመጥነው። ከድርጅቱ ሰዎች አንዱ ሰነዱን ከሌላ ወረዳ እንደገለበጡት አሁን ገና ያየ ይመስል ወደ ጓደኛው ዞረ። ከኮሚቴው አባላት አንዱ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ፣ «ቀዝቃዛ ውኃስ አለን» አሉ። ማንም አልሳቀም።

የእኛ ተከፈተ። ጸሐፊዋ ጀመረች።

«እኛ ሦስት መምህራን ነን። ነውራችን እንደሚከተለው ነው።»

ቆመችና ገጹን ገልብጣ አየች፤ የተሳሳተ ወረቀት መስሏት ነው። ሰብሳቢው «ቀጥይ» አሏት።

«አንደኛ፣ ሽማግሌው መምህር የግራ ጆሯቸው አይሰማም። በግራ በኩል የሚቀመጥ ተማሪ ጮክ ብሎ ይናገር። ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ያሸንፋቸዋል። የጥንት ወሬ ከጀመሩ አይመለሱም፤ ደወል የሚደውል ሰው ይመደብ። ሁለተኛ፣ የእንግሊዝኛው መምህር ትምህርቱን ያውቃል፤ ብርድ ግን አይችልም። ተማሪ ካለቀሰበት ማርክ ይጨምራል።»

የእንግሊዝኛው መምህር ወለሉን ያይ ነበር። እሱ የተየበው ስለሆነ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል።

«ሦስተኛ፣ የሂሳብ መምህርቷ ከሦስታችን ትበልጣለች። መንገድ አትፈራም። አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም። ነገር ግን ትቆጣለች። ተማሪ ያልገባውን ለመጠየቅ ይፈራታል። ጓሳ ጥግ ባለው ትምህርት ቤት ዘጠኝ ዓመት አስተምራለች፤ ልጆቹ በሂሳብ የወደቁት በዚህ ይመስለኛል። እሷ አታውቀውም።»

ጸሐፊዋ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ካነበበች በኋላ ቀና ብላ አየችኝ። ሁሉም አየኝ። በዚያ ውርጭ ጆሮዬ ነደደ። ከከተማ የመጡት ሁለቱ ሰዎች የጥላ ዳሳቸውን ረስተው ይሳሳቁ ጀመር።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ይህን ማን ጻፈው?» አሉ።

ጋሼ ብድግ አሉ። «እኔ ነኝ።»

«እንድንሰርዛችሁ ነው?»

«እንድትገዙን ነው» አሉ ጋሼ።

የጋሼ አባት ፈረስ ነጋዴ እንደነበሩ ያኔ ትዝ አለኝ። በእኛ አገር ፈረስ የሚሸጥ ሰው ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ነውሩን ይናገራል። ይራገጣል፤ ወንዝ ሲያይ ይቆማል፤ የግራ ዓይኑ ደከም ይላል። ምስክር ቆሞ ይሰማል። ነውሩ የተነገረውን ፈረስ የገዛ ሰው ይዞት ይኖራል። ያልተነገረውን የገዛ ግን በሚቀጥለው ገበያ ጎትቶት ይመጣል፤ ሻጩም ከዚያ በኋላ በዚያ ገበያ አንገቱን ቀና አያደርግም። ጋሼ ናሙና የሚል ቃል ሰምተው ገበያ መውጣታቸውን አወቁ፤ ገበያ ከወጡ ደግሞ ወጉን ከማጓደል ሞት ይቀላቸዋል። ሰብሳቢው ይህን ለማንም አላስረዱም። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና «ዋጋው ይነበብ» አሉ።

ከአዳራሹ እንደወጣን መንገድ ላይ ጋሼን ያዝኳቸው።

«ይህን ሁሉ በሕዝብ ፊት ከሚያስነብቡ ለምን አስቀድመው ለእኔ አልነገሩኝም?»

«ነግሬሽ ነበር።»

«መቼ?»

«ሁለት ጊዜ። ሁለቱንም ጊዜ ተቆጣሽ።»

ልመልስ አፌን ከፈትኩ፤ የምመልሰው በቁጣ እንደሆነ ስለታወቀኝ መልሼ ዘጋሁት። የእንግሊዝኛው መምህር ሊያጽናናኝ ፈልጎ ጠጋ አለ። «እኔ እንኳ አሻሽዬዋለሁ» አለኝ። «እሳቸው ያሉት ትራገጣለች ነበር። ትቆጣለች ያልኩት እኔ ነኝ።»

ጋሼን ሁለት ሳምንት አላናገርኳቸውም። እውነት ተናግሮ የመሸበት ማደር ይባላል፤ ተናጋሪው የትም ቢያድር፣ የተነገረበት ሰው ግን ያው የገዛ ቤቱ ገብቶ ነው የሚያድረው። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ ውርደቱ አልነበረም፤ ውርደት እስከ ሠርክ ይበርዳል። ዘጠኝ ዓመት እዚያ ትምህርት ቤት ስመላለስ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ ሲጠይቀኝ ለማስታወስ ሞከርኩ። አንድ ፊት አልመጣልኝም። እስከዚያ ቀን ድረስ ዝምታቸውን የመረዳት ምልክት አድርጌ እቆጥረው ነበር፤ እንዲያውም በሌሎች መምህራን ላይ ኮርቼበታለሁ።

ውጤቱ በደብዳቤ ደረሰን። አሸንፈናል። ቃለ ጉባኤውን ስናነብ የሰነዱ አንድ የማወዳደሪያ ነጥብ የስጋት ትንተና የሚባል እንደነበር አወቅን፤ እኛ ምን እንደሆነ ስላልገባን ባዶ ትተነዋል። ኮሚቴው እንዲህ ብሎ ሞልቶልናል፦ «ተጫራቹ በሥራው ላይ ሊያጋጥሙ የሚችሉ ስጋቶችን ከነምንጫቸው በዝርዝር ለይቶ በማቅረቡ ሙሉ ነጥብ ተሰጥቶታል።» ስጋቷ እኔ ነኝ። የእንግሊዝኛው መምህር እንኳን ደስ አለን አለ። ጋሼን ሙሉ ነጥብ ማግኘታቸው አልገረማቸውም።

ቅዳሜ ቅዳሜ በአይሱዙ ጀርባ እስከ መታጠፊያው፣ ከዚያ በእግር እንሄዳለን። ላለመቆጣት ምያለሁ። የመጀመሪያው ቅዳሜ በለሰለሰ ድምፅ አስተማርኩ፤ እኔ ራሴ ድምፁን አላወቅሁትም። ገባችሁ አልኩ፤ አዎ አሉ። ሁለተኛው ቅዳሜ ደግሞ ፈገግ አልኩ። ገባችሁ ስል ከበፊቱ በበለጠ ፍጥነት አዎ አሉ። በሦስተኛው ቅዳሜ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በር ላይ ጠበቁኝና፣ «መምህርት፣ ደኅና ነሽ?» አሉኝ። «ልጆቹ ታማለች መሰለኝ እያሉ ነው።»

ማታ ወደ ቀየት ስንመለስ ለጋሼ ነገርኳቸው። ከዚያ ጨረታ በኋላ ያናገርኳቸው የመጀመሪያው ረዘም ያለ ነገር ይህ ነው። «ለኮሚቴው እኔ ተናገርኩልሽ» አሉኝ። «ለልጆቹ ማን ይናገርልሽ?»

በአራተኛው ቅዳሜ ሰሌዳው ላይ ምንም ሳልጽፍ ልጆቹ ፊት ቆምኩ። ጠመኔውን ጨብጬዋለሁ።

«እኔ እቆጣለሁ» አልኳቸው። «እናንተ ያልገባችሁን እንዳትጠይቁ አስፈርቻችኋለሁ።»

ከፊት የተቀመጠው ልጅ በትሕትና፣ «ሰምተናል ቲቸር። ወረዳ ላይ ተነቧል አሉ» አለኝ።

«እንግዲያው ዛሬ ያልገባው ይንገረኝ።»

ከኋላ በኩል ስምንተኛን የምትደግም አንዲት ረዥም ልጅ ተነሣች። ሦስት ዓመት አስተምሬያታለሁ። ከትምህርት ቤቱ ሁሉ በሂሳብ አንደኛ ያልኳት እሷን ነው።

«እኔ አልገባኝም» አለች።

«የቱ? የክፍልፋይ ማካፈል?»

«ማካፈል።»

«የምን ማካፈል?»

«ማካፈል ነው ቲቸር። ዝም ብሎ ማካፈል።»

የአራተኛ ክፍል ትምህርት ነው። «ታዲያ እንዴት አንደኛ ትወጪ ነበር?»

«ሰሌዳው ላይ የሚጽፉትን በቃሌ እይዘዋለሁ። ፈተናው ላይ ቁጥሩን አይቀይሩትም ነበር።»

እውነቷን ነው፤ አልቀይረውም ነበር። ቁጣው ከእግሬ ጀምሮ ሲወጣ ተሰማኝ፤ በዚህ ጊዜ ግን የሚወርድበት ሰው አጣ።

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«አምስተኛ ክፍል እያለሁ አንድ ጊዜ ጠይቄ ነበር።»

«ምን አልኩሽ?»

«እናትሽ ጀርባ ላይ ተመልሰሽ ታዘዪ አሉኝ። ልጆቹ ሳቁ።»

አላስታወስኩትም። ለማስታወስ ብዙ ሞከርኩ፤ ዛሬም ድረስ አልመጣልኝም። እሷ ግን የቆምኩበትን ቦታ ሳይቀር ታስታውሳለች፤ በእጇ አሳየችኝ።

ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርኩና፣ ማካፈል ያልገባው ሁሉ እጁን ያውጣ፣ እኔ አላይም አልኩ። ከኋላዬ ቆይቶ አንድ ጋቢ ኮሽ አለ፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ብዙ። ስዞር ያልወጣ እጅ አልነበረም።

እጃቸውን ሳላስወርድ አንድ በአንድ አየኋቸው። አንዳንዱን ልጅ ለዓመታት አስተምሬው ክንዱን ያየሁት ያን ቀን ነው።